ቅቤው ሰው ነው

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ! ያኔ ነው፤ ዛሬ መኪና የሚያልፍበት ጥርጊያ የጅብ መንገድ ሳለ። በከምባታ ምድር፣ በአንዲት መንደር፣ ኤርጎጌ የምትባል ደሃ ሴት ነበረች። ጥቂት እግር እንሰትና አንድ መደብ ጎመን፤ ሀብቷ ይኸው ነው።

መንደሩ ሁሉ ክርስቲያን ነው። ግን ኦርቶዶክሱ ለብቻው፣ ካቶሊኩ ለብቻው፣ ፕሮቴስታንቱ ለብቻው። አንዱ ሲጾም ሌላው ቅቤ ያነጥራል። ከአንድ ገበታ አይቀርቡም። ከአንድ ገበታ ያልቀረበ ደግሞ አንድ ቃሬዛ አይሸከምም።

የኤርጎጌ ባል ኦርቶዶክስ ተወለደ፣ ካቶሊክ ሆኖ ኖረ፣ ሲታመም ፕሮቴስታንቶቹ ጸለዩለት። ሲሞት ሦስቱም «የእኛ አይደለም» አሉ። ቃሬዛ አራት ትከሻ ይፈልጋል። የተገኙት ሦስት ወንድሞቹ ናቸው። አራተኛዋ ትከሻ ኤርጎጌ ሆነች። ሚስት ባሏን ተሸክማ ቀበረች! ታይቶ አይታወቅም።

ከመቃብሩ ስትመለስ «እኔንስ ማን ይሸከመኛል?» አለች። ማለችም፦ «ይህ ሰፈር ከአንድ ገበቴ እስኪበላ ቅቤ ድስቴን አይነካም።» ወይ ጉድ! በዚያ አገር ቅቤ የሌለው ጎመን እኮ የከብት ነው።

የዓይነ ስውሩ የኤርዶሎ ጎጆ ዘመመ፤ ደቦ ተጠራ። ቀኑ ረቡዕ ነው፣ ጾም። ኤርጎጌ ጎመኗን ከቆጮ ጋር በትልቅ ገበቴ አቀረበች። ከፕሮቴስታንቶቹ ወገን ዳልጌ የምትባል ባለብዙ ላም ሳቀችባት።

«አንቺ፣ ቅቤው የታለ? ላሟም ጾመች እንዴ?»

«ቅቤው ሰው ነው፣ እቴ። ስትመጪ ይገባል።»

ማንም አልቀረበም። ኤርዶሎ ብቻ፣ ማን የማን እንደሆነ ስለማያይ፣ ጠግቦ በላ።

ክረምት ገባ። ወንዙ ድልድዩን ወሰደው። ሦስቱም ወገን ግንድ ግንዱን አመጣ፤ ለብቻው ማንሳት ግን አቃተው። ኤርጎጌ ጎመኗን ይዛ ወረደች። ዝናብና ረኃብ ወገን አይለይም፤ ጿሚውም ያልጾመውም እጁን ሰደደ። ከአንድ ገበቴ የበሉት አንድ ግንድ አነሡ። ድልድዩ ቆመ።

ዳልጌ ዳር ቆማ «ቅቤው የታለ?» አለች።

«ቅቤው ሰው ነው። አንቺ ጎደልሽ።»

ከርሞ ዳልጌን ምጥ ያዛት፤ ጠናባት። የቤተ ክርስቲያኗ ወንዶች ሩቅ አገር ጉባኤ ሄደዋል። ኤርጎጌ ነጠላዋን ጥላ በየደጁ ጮኸች፦ «ጎመኔን የበላ ይውጣ!» ወጡ። ኦርቶዶክሱም ካቶሊኩም ዳልጌን በቃሬዛ ተሸክመው በዚያው ድልድይ አሻገሯት፤ ሐኪም ቤት አደረሷት። ልጁም እናቱም ተረፉ።

ዘመን አልፎ ኤርጎጌ ሞተች። ጉድ ፈላ! ባሏን «የእኛ አይደለም» ያሉት ሦስቱም፣ እሷን «የእኛ ናት» ብለው ተናነቁ። አስከሬኑ ደጅ ቀረ።

ዳልጌ ገበቴ ተሸክማ መጣች። ጎመን ነው፤ ቅቤ የለውም። ጉርሻ ጠቅልላ ወደ ኦርቶዶክሱ ቄስ ዘረጋች።

«አባ፣ የጾም ነው። ይጉረሱ።»

ቄሱን እንባ ቀደማቸው። ጎረሱ። እሳቸው የካቶሊኩን አባት አጎረሱ። የካቶሊኩም አባት የፕሮቴስታንቱን ሽማግሌ አጎረሱ። ከየወገኑ አንድ አንድ ትከሻ ቀረበ። አራተኛዋ ትከሻ ዳልጌ ሆነች።

ዛሬም በዚያ መንደር፣ ለቅሶ ቤት መጀመሪያ የሚቀርበው ቅቤ ያልነካው ጎመን ነው። የመጀመሪያውንም ጉርሻ ማንም በገዛ እጁ አይበላም፤ ከሌላው ቤተ ክርስቲያን ሰው እጅ ይጎርሳል እንጂ። እንግዳ መጥቶ «ቅቤው የታለ?» ያለ እንደሆነ፣ ለቀስተኛው ሁሉ በአንድ አፍ ይመልስለታል፦

«ቅቤው ሰው ነው!»