ለትርሲት ቀጭ የሚል ሰላጣ

ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል፤ የራበው ደግሞ ትንሽ ይታገስ። ነገሩ የሆነው ዝዋይ ከተማ፣ ሐይቁ ዳር ነው። የተነሳውም በአንዲት ቅጠል ሰላጣ ነው።

ዳምጠው የሚባል ፀጉር አስተካካይ ነበር። ሚስቱ ትርሲት የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛ እርግዝናው ከበዳት። ሽንኩርት ሲቁላላ ከሸተታት ቤቱን ጥላ ትወጣለች። የቀመሰችው ሁሉ ተመልሶ ይመጣል። ጉንጯ ጎደጎደ፤ ቀለበቷ ከጣቷ እየሾለከ ስላስቸገራት አውልቃ አስቀመጠችው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ አየቻትና፣ "እስከ ነገ አንድ ነገር ካልረጋላት አስተኝተን ግሉኮስ እንሰቅልላታለን" አለች።

በማግስቱ ጠዋት ትርሲት ዓይኗን ገልጣ፣ "ዳምጤ፣ አማረኝ" አለችው።

ዳምጠው ከአልጋው ዘሎ ወረደ። ይህን ቃል ከአፏ ከሰማ ስንት ጊዜው! "ምን? ምን አማረሽ?"

"በርገር። የጉልላትን።"

"ዘይት እያስጠላሽ በርገር?"

"ያማረኝስ መሃሉ ያለው ሰላጣ ነው። ስነክሰው ቀጭ የሚለው። ግን ሰላጣውን ብቻውን እንዳታመጣልኝ። ከነዳቦው፣ ከነምናምኑ ነው። ሌላ እህል አልቀምስም።"

አምሮት ክርክር አይወድም። ዳምጠው ጫማውን አጥልቆ ወጣ።

ጉልላት ዋናው መንገድ ላይ "ቶሎ በርገር" የምትባል ጠባብ ቤት አለችው። ራሱ ይጠብሳል፣ ራሱ ያስተናግዳል። ጓደኞቹ በቤቲቱ ስም እየቀለዱ፣ "ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ" ይሉታል። ዳምጠው ሲደርስ መጥበሻው ግሏል፣ ዳቦው ተደርድሯል።

"ጉልላት፣ አንድ በርገር! ሰላጣው በዛ ይበል። ቶሎ!"

"ዛሬ በርገር የለም" አለ ጉልላት።

"እንዴት የለም? ይኸው ሥጋው፣ ይኸው ዳቦው!"

"ሰላጣ የለማ።"

ዳምጠው አንገቱን አስግጎ ፍሪጁ ውስጥ አንድ ራስ ሰላጣ አየ። "ያስ?"

ጉልላት አወጣውና አንዱን ቅጠል በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አሳየው። ቅጠሉ እንደ ረጠበ ጨርቅ ዝልፍልፍ አለ። "ጠውልጓል። ይሄ ለፍየል ነው።"

"ሶስ ስታፈስበት ማን ያየዋል?"

"ጥርስ ያየዋላ! ዓይን ይታለላል፣ ጥርስ ግን አይታለልም። ሥጋውን ቶሎ እጠብሳለሁ፤ ዳቦውን ቶሎ አሞቃለሁ። ሰላጣው ግን ወይ ቀጭ ይላል፣ ወይ ከቤቴ አይወጣም። እትዬ በላይነሽ ጋ ሂድና ለጋ ሰላጣ ይዘህልኝ ና፤ የዚያኔ እሠራልሃለሁ።"

ዳምጠው ተናደደ። ቢናደድስ ምን ያደርጋል? ለጋ ሰላጣ ካልመጣ ጉልላት በርገር አልሠራም አለ፤ በርገር ካልተሠራ ትርሲት እህል አልቀምስም አለች። ወደ ገበያ ሮጠ።

እትዬ በላይነሽ የአትክልት ነጋዴ ናቸው። ጥላቸውን ዘርግተው፣ ካሮታቸውን ደርድረው ተቀምጠዋል። ሰላጣው ግን በጨርቅ ተሸፍኖ ከኋላቸው ነው።

"እንደምን አደሩ እትዬ። ሰላጣ ፈልጌ ነበር።"

"የትናንት ነው ልጄ።"

አጠገባቸው ያለችው ነጋዴ የራሷን ሰላጣ ከሀይላንድ ውሃ ትረጭበታለች፤ ያብለጨልጫል። ዳምጠው ወደዚያ አየና፣ "እርስዎም ትንሽ ውሃ ቢረጩበትስ?" አላቸው።

"ገበያ ላይ ያብረቀርቅና ሰው ቤት ሲገባ ይሞታል። እኔ የትናንቱን የዛሬ ነው ብዬ ለሰው አልሸጥም። ለመሆኑ ማን አጣድፎህ ነው?"

"የዛሬ ካልመጣ እርስዎ የትናንቱን አልሸጥም አሉ፤ ለጋ ካልተገኘ ጉልላት በርገር አልሠራም አለ፤ በርገር ካልተሠራ ትርሲት እህል አልቀምስም አለች። ነፍሰ ጡር ናት፣ እትዬ!"

"ነፍሰ ጡር ናት? እንግዲያው ጭራሽ አልሸጥልህም!" አሉ እትዬ በላይነሽ። ቢሆንም ከመቀመጫቸው ተነስተው በጣታቸው አሳዩት። "ያ ባጃጅ ይታይሃል? ኑረዲን ይባላል። ሰላጣዬን የሚያመጣልኝ እሱ ነው። ዛሬ ባዶውን ቆሟል፤ ምን እንደነካው ጠይቀው።"

ኑረዲን ባጃጁ ውስጥ ጋደም ብሏል። ከኋላ ወንበሩ ላይ በውሃ የተነከረ ጆንያ አለ፤ አትክልት ሲጭን ፀሐይ እንዳይነካው የሚያለብሰው ነው።

"ምን ሆነህ ነው ወንድሜ? ላብ በላብ ሆነሃል" አለው ዳምጠውን ሲያየው።

"አንተ ካልጫንክ እትዬ በላይነሽ የትናንቱን አልሸጥም አሉ፤ ለጋ ካልተገኘ ጉልላት በርገር አልሠራም አለ፤ በርገር ካልተሠራ ትርሲት እህል አልቀምስም አለች።"

"እኔስ ምን ልጫን? ገበሬው ኦቦ በዳሶ ሰላጣ አልቆርጥም አሉ።"

"መንገድ ዳር የተቆለለውስ? ሳልፍ ሳገድም አየዋለሁ።"

"እሱማ ትናንት ፀሐይ ሲበላው የዋለ ነው። እኔ ከማሳ ተቆርጦ እጄ ላይ ካልተሰጠኝ አልጭንም። እትዬ አምነውኝ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚረከቡኝ። ይልቅ ግባ፣ አብረን ሄደን እንለምናቸው።"

ባጃጁ አቧራውን እያቦነነ ከከተማ ወጣ። ኦቦ በዳሶ ማሳቸው ዳር፣ ደረቁ ቦይ ላይ ተቀምጠው አገኟቸው። ቢላቸው ከጎናቸው ተሰክቷል። መደቡ ላይ ያለው ሰላጣ ሁሉ ጆሮውን ጥሏል።

"ኦቦ፣ አንድ ራስ ብቻ ይቁረጡልኝ" አለ ዳምጠው። "እርስዎ ካልቆረጡ ኑረዲን አልጭንም አለ፤ የዛሬ ካልተጫነ እትዬ በላይነሽ የትናንቱን አልሸጥም አሉ፤ ለጋ ካልተገኘ ጉልላት በርገር አልሠራም አለ፤ በርገር ካልተሠራ ትርሲት እህል አልቀምስም አለች።"

ኦቦ በዳሶ አንድ ቅጠል ቆንጥረው ሰጡት። ዳምጠው አኘከው። መረረው።

"አየህ? የተጠማ ሰላጣ ይመራል። በግ እንኳ ከመታረዱ በፊት ውሃ ይጠጣል። እኔ የተጠማ ነገር ላይ ቢላ አላነሳም።"

"ታዲያ ለምን አያጠጡትም?"

"ፓምፑ እምቢ አለኛ። ሞተሩ የሚያሽከረክረው ቺንጋ ተበጠሰ። በገመድ ቋጥሬ ሞከርኩ፣ ፈትለክ ብሎ ወጣ። አሁን ወደ ፍሬው መለዋወጫ ሱቅ በእግሬ ልነሳ ስል ነው የመጣችሁት።"

"እርስዎ ማሳዎን ይጠብቁ፤ ቺንጋውን እኛ እናመጣለን" አለ ዳምጠው። ቅድም የተናደደው ሰውዬ አሁን ንዴቱ እየለቀቀው ነበር። የሄደበት ሰው ሁሉ አልሰጥም ይበለው እንጂ፣ አንዱም ሊያታልለው አልፈለገም።

የፍሬው የመለዋወጫ ሱቅ ገና ከሩቅ ተሰማ። የሚጮኸው ግን ሞተር አይደለም፤ ሕፃን ነው። ፍሬው ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ከወዲያ ወዲህ ይላል። ሚስቱ መቂ ለቅሶ ሄዳለች። የሰውዬው ሸሚዝ በእንባና በትፋት ርሷል።

"የውሃ ፓምፕ ቺንጋ! የኦቦ በዳሶ!" አለ ዳምጠው ጩኸቱን ለማሸነፍ እየሞከረ።

"እዚያ ላይ ነው!" ፍሬው በአገጩ ጣሪያው ሥር የተንጠለጠሉትን አሳየው። ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም ክብ፣ ሁሉም ወንድማማች ይመስላሉ። "ልጁ ካልተኛ ግን መሰላል አልወጣም። ከእጄ ቢያመልጠኝስ?"

"እኔ ልውጣ!"

"የትኛው የትኛው እንደሆነ በምን ታውቃለህ? በማይሆን ቺንጋ የሰው ፓምፕ አላበላሽም።"

"እሺ ልጁን አስተኛው!"

"የት? ዘይት በፈሰሰበት መሬት ላይ?"

ዳምጠው በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ልጁ ካልተኛ ፍሬው መሰላል አልወጣም አለ፤ ቺንጋው ካልወረደ ፓምፑ ውሃ አልስብም አለ፤ ውሃ ካልመጣ ኦቦ በዳሶ አልቆርጥም አሉ፤ ካልተቆረጠ ኑረዲን አልጭንም አለ፤ ካልተጫነ እትዬ በላይነሽ የትናንቱን አልሸጥም አሉ፤ ለጋ ካልተገኘ ጉልላት በርገር አልሠራም አለ፤ በርገር ካልተሠራ ትርሲት እህል አልቀምስም አለች። ልጁ ደግሞ የዚህ ሁሉ ቁልፍ በጉሮሮው እንዳለ የሚያውቅ ይመስል ይጮሃል።

"ስጠኝ፣ እኔ ላስተኛው" አለ ዳምጠው።

"ልጅ ይዘህ ታውቃለህ?"

"አላውቅም። ግን ሊመጣብኝ ነው።"

ፍሬው ሳቀ። መዳፉን ከአንገቱ ሥር እንዴት እንደሚያደርግ፣ ደረቱ ላይ እንዴት እንደሚያስጠጋ አሳየውና ልጁን ሰጠው። ራሱም ከአጠገቡ ፈቀቅ አላለም። ዳምጠው ይህን ያህል ትንሽ፣ ይህን ያህል የሚሞቅ ነገር ይዞ አያውቅም። እሹሩሩ ማለትም አያውቅበትም። ምን ይበል? አፉ ላይ የነበረው ከጠዋት ጀምሮ ሲደጋግመው የዋለው ብቻ ነው። በልጁ ጆሮ ቀስ ብሎ ያንኑ ጀመረ፦

"አንተ አልተኛም አልክ፤ አባባ መሰላል አልወጣም አለ፤ ፓምፑ ውሃ አልስብም አለ፤ ኦቦ በዳሶ አልቆርጥም አሉ፤ ኑረዲን አልጭንም አለ፤ እትዬ በላይነሽ አልሸጥም አሉ፤ ጉልላት አልሠራም አለ፤ ትርሲትዬ እህል አልቀምስም አለች…"

ልጁ ጩኸቱን ገታ አደረገ። ነገሩ የገባው ይመስል ዳምጠውን ትክ ብሎ አየው። ዳምጠው ደገመለት። ልጁ አዛጋ። ዳምጠው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሠለሰለት። ትርሲትዬ ላይ ሲደርስ የልጁ ራስ ደረቱ ላይ ዘንበል አለ።

ልጁ ተኛ።

ልጁ ሲተኛ ፍሬው መሰላሉን ወጣ። ፍሬው ሲወጣ ቺንጋው ወረደ። ቺንጋው ሲወርድ ዳምጠው ልጁን ለአባቱ መልሶ ከኑረዲን ጋር ወደ ማሳው ከነፈ። ቺንጋው ሲገባለት ፓምፑ ዱፍ ዱፍ ብሎ ውሃ ሳበ። ውሃው ቦዩን ሞልቶ እየተሽሎከሎከ መደቡን አጠጣ።

ኦቦ በዳሶ ግን ቢላቸውን ቶሎ አላነሱም። "ይጠጣ እስቲ። ፀሐይዋም በረድ ትበል" አሉ። ዳምጠውም ቦዩ ዳር ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ያየውን በኋላ ለደንበኞቹ ፀጉራቸውን እየቆረጠ ደጋግሞ ያወራላቸው ነበር፦ ጆሮውን ጥሎ የነበረው ሰላጣ ቅጠል በቅጠል ቀና እያለ፣ እየወፈረ፣ ልክ እንደነቃ ሰው ሲንጠራራ። በዕድሜው ስንት ሰላጣ በልቷል፤ እንዲህ ሲሆን ግን አይቶ አያውቅም።

ማሳው ሲጠጣ ኦቦ በዳሶ ቆረጡ። እሳቸው ሲቆርጡ ኑረዲን በእርጥቡ ጆንያ አልብሶ ጫነ፤ ጉድጓዱን ሁሉ እንቁላል እንደጫነ ሰው ቀስ እያለ አለፈው። ኑረዲን ሲያደርስ እትዬ በላይነሽ ጥላቸውን ሳያጥፉ ጠብቀውት ነበር። እያገላበጡ አዩት፣ አሸተቱት፤ ከሁሉ የተሻለውን ራስ መርጠው፣ "ይሄ ለነፍሰ ጡር ይገባል" ብለው ሰጡት። እሳቸው ሲሰጡ ጉልላት እጅጌውን ሰበሰበ። ቅጠሉን አንድ በአንድ ለየ፣ በአቼቶ ዘፈዘፈ፣ በንጹህ ውሃ አለቀለቀ፣ ከዚያ አራግፎ በንጹህ ጨርቅ አደረቀ። ደንበኛ ቆሞ ቢጠብቅም አልተቻኮለም። ሁሉ ነገር ሲያልቅ ነው ሥጋውን መጥበሻው ላይ ጣል ያደረገው።

"ሂድ፣ በሩጫ!" አለው። ኑረዲን ሞተሩን ሳያጠፋ በር ላይ ቆሞ ነበር።

ትርሲት ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ዳምጠው በርገሩን ሰጣትና ሳፋ አምጥቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠ፤ ምናልባት ካስመለሳት ብሎ ነው። ትርሲት ወረቀቱን ገለጠች። አሸተተች። ዓይኗን ጨፈነች።

ነከሰች።

ቀጭ!

አኘከች፣ ዋጠች። ደግማ ነከሰች። ሶሱ በአገጯ ወረደ፤ አልጠረገችውም። ዳቦውንም፣ ሥጋውንም፣ ሰላጣውንም በላች። ወረቀቱ ላይ የቀረችውን ቁራጭ ቅጠል እንኳ በጣቷ ለቅማ አፏ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ያስመልሳት እንደሆነ ሁለቱም ጠበቁ። ዳምጠው ሳፋውን በሁለት እጁ ጨብጦ ፊቷን ያያል። ደጅ ልጆች ሲጫወቱ ይሰማል። ጎረቤት ቤት ሽንኩርት ይቁላላል፤ ሽታው በመስኮት ገባ። ዳምጠው ተነስቶ መስኮቱን ሊዘጋ ሲል ክንዱን ያዘችው።

"ተወው" አለችው። "አልረበሸኝም።"

ደግሞ ፈገግ ብላ፣ "ዳምጤ፣ ሳፋውን መልሰው" አለችው።

እኔም የሰማሁትን አካፈልኳችሁ፤ ያዳመጠ ጆሮ ይጥገብ፣ ያማረውም አይጣ።