ለእንግዳ የተነጨው ሸለቆ

በዚያ ዱር ሥርዓት የሚጀምረው ከእግር በታች ነበር። አንበሳ አፈር አይረግጥም። በደረሰበት ሁሉ ነዋሪው ሣሩን ነጭቶ ይጎዘጉዝለታል፤ እሱ በላዩ ይራመዳል፤ አጃቢው ይከተላል። አገር ማየት ደግሞ ይወዳል፤ ያውም ለምለም አገር። ጥቂት ሰንብቶ "ይህ ቦታ ደረቅ ነው" ይላል። ይሄዳል።

መንገድ የምትመራው ሚዳቋ ነበረች። ለሹመቱ ብላ አይደለም። ከተራራ ጀርባ ያለውን ሳታይ እንቅልፍ አይወስዳትም። ብዙ ሸለቆ አሳይታዋለች። በመልስ ጉዞ ሁሉም አቧራ ሆነው ታገኛቸዋለች።

የቀረው የተወለደችበት ሸለቆ ነው። አንበሳ ቆቅ ስለ ሸለቆው ልምላሜ ስታወራ ሰምቶ ጉባኤ ጠራ።

"እንሂድ" አለች ሚዳቋ። "እኔም ናፍቆኛል። ግን ጥቂት ሆነን፤ ሣሩም ሳይነጭ። ጌታችን እንደቆመ ይዩት።"

ጉባኤው ማላመጡን አቆመ።

እልፍኝ አስከልካዩ ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ። "እመት ሚዳቋ፣ ሣር ሳይጎዘጎዝለት የሚገባ ምን ይባላል? ሌባ ይባላል። ጌታችንን በጓሮ ልታስገቢያቸው ነው?"

"አንተ ምን ቸገረህ፣ ሣር አትበላ" አለ ከርከሮ ከኋላ ሆኖ።

ማን ነው የተናገረው ሲባል ሁሉም ወደ ጎሽ አየ። ጎሽ ትልቅ ስለሆነ ነገሩ ታለፈ።

አንበሳ አሰበ። የቆመ ሣር አይቶ አያውቅም። "ይሁን" አለ። "በአፈር እሄዳለሁ።"

ቀበሮ ዐይኑን ጨፈነ።

ሚዳቋ ዘመዶቿን "አትንኩት" ልትል ሮጣ ቀደመች። ስትደርስ ሸለቆው ተላጭቷል። ከወንዙ እስከ ገደሉ ሣሩ ተነጭቶ፣ አምሮ ተጎዝጉዟል። አክስቷ ከንፈሯ ደምቶ፣ ደስ ብሏት ቆማለች።

"ማን አዘዛችሁ?"

"ደግሞ ለዚህ ትእዛዝ ያሻል? እንደምትመጡ ቆቅ ነገረችን። ልጃችን እንግዳ ይዛ ስትመጣ በባዶ መሬት እንቀበላት? ጎረቤት ምን ይለናል?"

"ምን ልትበሉ ነው?"

"እሱ የነገ ነው። ነይ እርገጪው፤ ላንቺም ጭምር ነው።"

አንድ ግልገል ከጉዝጓዙ ሊቀምስ አጎነበሰ። አክስቷ በግንባሯ ገፋ አደረገችው። "ተው፣ የእንግዳ ነው።"

አንበሳ ደረሰ። የተጎዘጎዘን አለመርገጥ ነውር ስለሆነ ረገጠው። ዙሪያውን አየ።

"ለምለም ነው አልተባለም ነበር?"

አክስቷ ከእግሩ ሥር የተበተነውን ጉዝጓዝ አስተካከለች።

"ቀጥሎስ የት አለ?"

ከማዶው ተራራ ጀርባ ሌላ ሸለቆ እንዳለ ሚዳቋ ሰምታለች። እሷም ገና አላየችውም።

"አላውቅም፣ ጌታዬ" አለች።

ጆሮዎቿ ግን ሳታዛቸው ወደ ተራራው ዞረው ነበር። ቀበሮም የአፏን ትቶ ጆሮዎቿ የሚያመለክቱትን ማዶ ያይ ጀመር።