አናጢው የሳቀ ዕለት

አንድ አናጢ ነበረ።

ተቀመጪ ትርንጎ፤ ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። ባልሽ ካረፈ አምስት ወሩ ነው። ልጅሽ ቅዳሜ በነርስነት ትመረቃለች፤ «እማዬ፣ በሰው ሁሉ ፊት እልል ካላልሽልኝ ጋዋኑን አልለብስም» ብላሻለች። የባልሽ እህቶች ደግሞ «ዓመቱ ሳይወጣ እልልታሽ ከተሰማ ወንድማችንን ሁለተኛ ገደልሽው፤ ከዚያ ወዲያ ደጅሽን አንረግጥም» ብለውሻል። አንቺም መሀል ቤት ቀርተሽ «እልል ብል ኃጢአት ነው ወይ፣ የኔታ?» ብለሽ መጣሽ። ይኸው፣ አንድ ቃል አላስቀረሁም። አሁን እኔ ስናገር አታቋርጪኝ። ይቺን እሸት ባቄላ ሳብ አድርጊና እየፈለፈልሽ ስሚ፤ እጅሽ ሥራ ካልያዘ ስታለቅሺ ልትውዪ ነው።

እንግዲህ አናጢው። ስሙ ምን ያደርግልሻል? በር የሚሠራ፣ አልጋ የሚሠራ፣ ሲከፋም የሬሳ ሣጥን የሚሠራ ሰው ነው። ሚስቱ አስተማሪ ነበረች። እሱ ከዳዊቱ በቀር መጽሐፍ ገልጦ አያውቅም፤ እሷ ግን ያገኘችውን ሁሉ ታነባለች። አልጋዋ ላይ ሆና እያነበበች ትስቃለች። «ምን ያስቅሻል?» ሲላት «ራስህ አንብበው» ትለዋለች። አያነብም። ስንፍና ነዋ! ከዚያ ሞተች። ሣጥኗን የሠራው ራሱ ነው።

ሐዘኑ ሐዘን ነበር፤ የለበጣ እንዳይመስልሽ። ጢሙን ለቀቀ፣ መላጊያውን ሰቀለ፣ በሩን ዘጋ። ለቀስተኛው እስኪበቃው ተመላለሰና ከአርባው በኋላ ወደየጉዳዩ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ወር ሙሉ በዚያ ቤት የሰው ድምፅ አልተሰማም። የሚስቱ ወንድም ግን በየሳምንቱ እሑድ ይመጣል። በሩ ላይ ቆሞ አማቹን ከእግር እስከ ራሱ ያያል፤ ጢሙ ማደጉን፣ ጥቁሩ አለመውለቁን አረጋግጦ «ጎሽ፣ እህቴን አከበርካት» ይልና ይሄዳል። አናጢው ራሱን ይነቀንቃል እንጂ አይመልስለትም። ሰው ቡቃያ እንደሚጎበኝ ሐዘን ሲጎበኝ አይተሽ ታውቂያለሽ? ያ ሰውዬ እንደዚያ ነበር።

ሐምሌ ላይ አንድ ቀን በጠራራ ቀትር ሰማዩ ድንገት ጠቁሮ በረዶ ወረደ። አንዲት የድመት ልጅ በበሩ ሥር ሾልካ ገባች። ጭብጥ አትሞላም። ጭቃ በጭቃ ሆናለች፤ መላጊያው ከላጠው የእንጨት ልጣጭ ክምር ውስጥ ገብታ ትንቀጠቀጣለች። አናጢው ቆሞ አያት። ማባረር ይችል ነበር። «እንግዲህ ገብተሻል» አላት። በሁለት ወር ውስጥ ከአፉ የወጣ የመጀመሪያ ቃል እሱ ነው። ወተት አሞቀላት፤ በሚስቱ ሹራብ ጠቀለላት። በማግስቱ አንዲት ጎረቤት አይታ «ሚስትህ እኮ ድመት አትወድም ነበር!» ብትለው «እኔም ዕቃ ማጠብ አልወድም ነበር፤ ይኸው አጥባለሁ» አላት።

ድመቷ አንድ አመል ነበራት። ድምፅ ካልሰማች አትተኛም፤ ስትጮኽ ትውላለች። አናጢው ሊያወራላት ሞከረ። ለድመት ደግሞ ምን ይወራል? ስለ ጣውላ ነገራት፣ ስለ ዝናቡ ነገራት፣ አለቀበት። መውጫ ሲያጣ ከአልጋው ራስጌ የሚስቱን መጽሐፍ አነሣና ጮክ ብሎ ያነብላት ጀመር። ጣቱን ከፊደሉ ሥር እየነዳ ነው የሚያነበው። ሲያነብ ትተኛለች፤ ሲያቆም ነቅታ ትጮኻለች። ምን ምርጫ አለው? አነበበ።

መጽሐፉ ቀልድ ነው። በነገሥታቱ ዘመን ስለ ነበሩ ሠዓሊዎች የሚያወራ ልብ ወለድ ነው። መቼም ታውቂያለሽ፣ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ሰው ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ክፉ ሰው ግን ወደ ጎን ዞሮ ባንድ ዓይኑ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ባላባት ቤተ ክርስቲያን አሠርቶ ሁለት ሠዓሊዎች ያስመጣል። ሠዓሊዎቹ አይዋደዱም። መካከላቸው መጋረጃ ጋርደው አንዱ የቀኙን፣ አንዱ የግራውን ግድግዳ ይሥላሉ። ባላባቱ ተሸሽጎ ወደ አንዱ ይሄድና ማር ሰጥቶ «ያንን ድንበሬን የገፋ ጎረቤቴን ባንድ ዓይን አድርግልኝ» ይለዋል። ጎረቤትየውም ወደ ሌላው ሠዓሊ ሄዶ በግ ሰጥቶ «ባላባቱን ባንድ ዓይን አድርግልኝ» ይላል። ወሬው ይሰማና አገር በሙሉ ይሰለፋል፤ ምራቷ አማቷን፣ አማቷ ምራቷን፣ ቄሱ ዲያቆኑን፣ ዲያቆኑ ቄሱን።

አናጢው እዚህ ላይ ሲደርስ ገጹ ታጥፏል። ሚስቱ ያቆመችው እዚያ ነው። «ከዚህ ወዲያ ያለውን እሷ አላየችውም፤ እኔ በምን ዓይኔ አያለሁ?» ብሎ መጽሐፉን ዘጋና ደረቱ ላይ አስቀመጠው። ኋላ ይሄ ሰውዬ ሐዘን የለውም ያሉትን ሰዎች ያን ጊዜ አምጥቼ ባሳየኋቸው! ድመቷ ግን ነቃች። ጮኸች። ዝም አላት። ደረቱ ላይ ወጥታ አፉ ሥር ሆና ጮኸችበት። «እሺ! እሺ! ምን ዓይነት ጉድ ነሽ!» ብሎ ገጹን ገለጠ።

በታሪኩ የቅዳሴ ቤቱ ቀን ደረሰ። መጋረጃው ወረደ። ሕዝቡ ቀና ብሎ ቢያይ ከባላባቱ እስከ ደወል ደዋዩ ድረስ ግድግዳው ላይ ሁለት ዓይን ያለው ሰው የለም። አገሩ ሁሉ ወደ ጎን ዞሯል። ሠዓሊዎቹም እንኳ አንዱ ሌላውን ባንድ ዓይን አድርጎታል። ሁለት ዓይኑን አፍጥጦ ሕዝቡን ፊት ለፊት የሚያይ አንድ ብቻ ነው፤ ዲያብሎስ። እሱን ከስሶ በግ ያመጣ አልነበረማ!

ሳቅሽ መጣ እንዴ? ሳቂ፣ ሳቂ፤ እኔ ለማንም አልናገርብሽም።

አናጢውም ሳቀ። ግን ያን ያህል ጊዜ ያልተነካ ሳቅ ይዝጋል፤ ሲወጣ እንደ ሳቅ አይወጣም። ሆዱን ይዞ፣ ትንፋሽ አጥሮት፣ እንባው እየወረደ «ኡኡህ! ኡኡህ!» ይላል። ጎረቤት ሰማ። «ኧረ ሰውዬው! ሐዘኑ ተነሣበት! እንዳይሞትብን!» ተባለ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን እየጎተቱ ቤቱን ሞሉት። አልቃሿ ደጃፉ ላይ ሳትደርስ ሙሾዋን ጀመረች። አናጢው አልጋው ላይ ተጋድሟል፤ ድመቷ አንገቱ ሥር ናት፤ ጢሙ በእንባ ርሷል። «ኧረ እኔ...» ይላል፤ ሳቁ አያስጨርሰውም። «አልቅስ ወንድሜ፣ ይውጣልህ!» ይሉታል። «እያለቀስኩ አይደለም...» ሲል «አውቀናል፣ አውቀናል፣ አይዞህ!» ብለው ደረታቸውን ይመታሉ። እሱ ይብስበታል። እንደ ምንም «ዲያብሎስ... ሁለት ዓይን...» ቢል አንዷ አማተበችና «ጋኔን ታየው!» ብላ ጠበል ልታመጣ ሮጠች። ነገሩ የገባው ከሰዉ ጋር ሮጦ ለመጣው ለሚስቱ ወንድም ነው። መጽሐፉን አየ፤ ድመቷን አየ። «ይሄ ሰውዬ እየሳቀ ነው!» አለ።

አበስኩ ገበርኩ! ሙሾው ተቋረጠ። አንድ በአንድ ተከታትለው ወጡ።

እሑድ ዕለት ሦስት ሽማግሌዎች ከሚስቱ ወንድም ጋር መጡ። ሊሰሙት አይደለም፤ ፍርዱን ጨርሰው ይዘው ነው የመጡት። «ድመቷን ከግቢህ አስወጣ። መጽሐፉም እስከ ሙት ዓመቱ ወንድሟ ዘንድ ይቀመጥ። ዓመቱ ከወጣ በኋላ እንደ ልብህ ሳቅ፤ ማን ይከለክልሃል? እምቢ ካልህ ግን ዘመዶቿ በሙት ዓመቷ ደጅህን አይረግጡም። አገሩም ሚስቱን ያልወደደ ሰው ይልሃል» አሉት። ልብ በዪ ትርንጎ፣ ቀላል ነገር አይደለም። ልጅ የለው፤ ከእነሱ በቀር ዘመድ የለው። ሚስቱን ይወዳት እንደ ነበር አገር የሚያምነው በእነሱ አፍ ነው።

አናጢው ተነሥቶ ወደ ጓዳ ገባና ባንድ እጁ ድመቷን፣ በሌላው መጽሐፉን ይዞ ተመለሰ። ወንድምየው ሊቀበለው እጁን ዘረጋ። አናጢው ግን ተቀመጠ፤ ድመቷን ጭኑ ላይ አስቀመጠ፤ የታጠፈውን ገጽ ገልጦ አሳያቸው።

«እህትህ ያቆመችው እዚህ ላይ ነው» አለው። «እስከዚህ የሳቀችው እሷ ናት፤ ከዚህ ወዲያ የምስቀው እኔ ነኝ። ሣጥኗን ስሠራ ሚስማሩን ልምታልህ ያለኝ አልነበረም። አሁንም ሳቅህን እኛ እንያዝልህ የሚለኝ አልፈልግም። ድመቷም መጽሐፉም ከዚህ ቤት አይወጡም።»

ብሎም አልቀረ። በአራቱ ሰዎች ፊት፣ በዚያ በጥቁር ልብሱ፣ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ።

አሁን «ሽማግሌዎቹም አብረው ሳቁ» ብዬ የምጨርስልሽ መስሎሻል። ኧረ ወዲያ! አንዳቸውም ፈገግ አላሉም። ምዕራፉን እስኪጨርስ እንደ ግንድ ተቀምጠው አዩት። ብቻውን አነበበ፣ ብቻውን ሳቀ፤ ድመቷም እንቅልፏን ለጠጠች። ሲጨርስ ተነሥተው ከዘራቸውን ይዘው ወጡ፤ ደግመውም አልመጡ።

ሙት ዓመቱ ደረሰ። አናጢው ድንኳን ጣለ፤ ጠላ አስጠመቀ፣ ወጥ አሠራ። ዘመድ አልመጣም። ጎረቤትም ዘመዶቿን ፈርቶ ቀረ። የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ነዳያን በሉለት፣ መረቁት፣ ሄዱ። ከሰዓት በኋላ በዚያ ሁሉ ባዶ ወንበር መካከል ብቻውን ተቀመጠ። ያን ጊዜ አለቀሰ። ሚስቱን በስሟ እየጠራ፣ ድምፁን ሳይሸሽግ የዓመቱን ሁሉ አለቀሰ። ጎረቤት ሰማ። ሰምቶ ምን ያለ ይመስልሻል? «ይኸው፣ በሙት ዓመቷ እንኳ ይስቃል!» አለ። አንድ ሰው አልመጣም።

ሲስቅ ሊያስተዛዝኑት መጡ፤ ሲያለቅስ ሳቀ ብለው ቀሩ። ገባሽ?

«አልጸጸተውም ወይ?» አልሽ? ከፋው እንጂ፤ ለምን እዋሽሻለሁ! ሰው ሲርቀው የማይከፋው ማን አለ? መጸጸት ግን አልተጸጸተም። ፊቱን ታጠበ፣ ድንኳኑን አፈረሰ፣ ለድመቷ ወተቷን ሰጣት። በማግስቱ መላጊያውን ከተሰቀለበት አወረደና ሥራውን ጀመረ።

እንግዲህ ትርንጎ፣ አናጢው አንቺ ነሽ። ያቺ ድምፅ ካልሰማሁ አልተኛም ያለች ድመት ልጅሽ ናት፤ አባቷን ቀብራ የእናቷን ድምፅ ነው የለመነችሽ። እነዚያ ጎረቤቶች የባልሽ እህቶች ናቸው። ሳቅሽን ከለቅሶሽ ለይቶ የማያውቅ ሰው ሐዘንሽን ሊሰፍርልሽ ምን ሥልጣን አለው? ወግ ነው ሲዳሩ ማልቀስ ይባላል፤ ሙሽራ በሰርጓ ቀን ስታለቅስ ባሏን ጠላች ያላት የለም። ታዲያ አንቺ በሐዘንሽ መካከል ለልጅሽ እልል ብትዪ ባልሽን ጠላሽው የሚለውን ከየት አመጡት? ኃጢአት ነው ወይ ብለሽኛል። አርባ ዓመት መጽሐፍ ሳገላብጥ ኖሬያለሁ፤ እናት ለልጇ እልል አትበል የሚል አላነበብኩም። አለ የሚል ካለ አምጥቶ ያሳየኝ!

በነጻ ነው ግን አላልኩሽም። መዛት ብቻ አይደለም፣ ያደርጉታል። ደጅሽን ላይረግጡ ይችላሉ፤ የባልሽ ሙት ዓመት ባዶ ወንበር ሊሆን ይችላል። ያንን ዛሬ እዚሁ አስቢበትና ተነሺ።

ቅዳሜ ጥቁርሽን እንደ ለበስሽ ሂጂ። አታውልቂው፤ ሐዘንሽ ያንቺ ነው። ከፊት ተቀመጪ፣ ከኋላ እንዳትሸሸጊ። የልጅሽ ስም ሲጠራ ብድግ ብለሽ ጉሮሮሽ እስኪሰነጠቅ እልል በዪ። «ማን ፈቀደልሽ?» ብለው የጠየቁሽ እንደ ሆነ የኔታ ፈቀዱልኝ እንዳትዪ፤ እኔ ማን ነኝና!

«ራሴ» በያቸው።