የአያ ደምለው መሬት ለማን?

በአንድ ወቅት፣ ዩሪያ የበዛለት በቆሎ በሚመሰገንበት አገር፣ አያ ደምለው የሚባል ገበሬ ነበረ። ክረምት ክረምት ውሃ የሚተኛበት ሦስት ጥማድ መሬት ነበረው። በቆሎው ቢጫ ሲሆንበት «ራበው» ይልና ውሃው ላይ ዩሪያ ይበትናል። አልሻለው ሲል ደግሞ ይጨምርለታል።

አንድ ክረምት የግብርና ባለሙያዋ ፀዳለ መጣች። ማሳው ላይ ባልዲ የመሰለ ዕቃ ደፍታ ከውስጡ አየር በመርፌ ቀዳች። ጎረቤቱ ሁሉ «መሬቱን ልትከትብ ነው» እያለ ሳቀ። ውጤቱ ሲመጣ ግን የሳቀ አልነበረም።

«አያ ደምለው፣ በቆሎዎ አልራበውም፤ ውሃ አፍኖት ነው» አለች። «ዩሪያው ውሃ በተኛበት አፈር ውስጥ ጋዝ እየሆነ ይወጣል። ዓይን አያየውም እንጂ ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ ነው። ከቀበሌው ማሳ ሁሉ የእርስዎ ይብሳል።»

አያ ደምለው አፈረ። ደግሞም አርጅቷል፤ መሬቱን ማውረስ አለበት። ለሦስት ልጆች ቢከፈል ከአንዱም ቁራሽ ቤተሰብ አይጠግብም። ስለዚህ ለጊዜው አንዳንድ ጥማድ ሰጥቷቸው፣ «ሁለት ክረምት እረሱ። ይህን ጋዝ በማስቀረት የበለጠ፣ የመሬቱ ደብተር በስሙ ይዞራል» አላቸው። የቀሩት ሁለቱ ወይ የሰው መሬት በእኩል ያርሳሉ፣ ወይ አገር ጥለው ይሄዳሉ።

የበኩር ልጁ አለኸኝ ዩሪያውን በቆርኪ ሰፈረ። ግማሹን በቆሎው እንደበቀለ፣ ግማሹን ጉልበት ሲደርስ፣ ከየአገዳው ሥር ቀብሮ አፈር አለበሰው። ወገቡ ተቆረጠ። ጋዙ በግማሽ ቀነሰ፤ ምርቱ ግን አንድ ቁና አልጎደለም።

ሁለተኛዋ ልጁ ይታይሽ ዩሪያ የሚባል ነገር አልነካችም። በመጀመሪያው ክረምት አፈር የሚያለማውን ጥራጥሬ፣ ግብጦ ዘራች። ያን ዓመት ልጆቿ በቆሎ አላዩም፤ ቀናት ተነክሮ ምሬቱ የወጣለትን ግብጦ እየበሉ ከረሙ። በሁለተኛው ክረምት ግብጦው ባለማው አፈር ላይ በቆሎ ዘርታ ደህና አድርጋ አፈሰች። ከሦስቱ ማሳ ትንሹ ጋዝ የወጣው ከእሷ ነው። ያን የራብ ዓመት ግን ማንም አልመለሰላትም።

የመጨረሻው ስማቸው ዩሪያውን እንደ አባቱ በተነ። ነገር ግን ክረምቱ ሳይገባ ሁለት ወር ሙሉ ቦይ ቆፈረ። ድርሻው ከታች በኩል ስለነበር ቦዩ ያለፈው በእሱ መሬት ብቻ ነው፤ ሩቡን በላበት። ውሃውም ከሦስቱም ማሳ ተንጠፍጥፎ ወረደ። የእሱ ጋዝ ከአባቱ ጊዜ ቢቀንስም ከወንድሙም ከእህቱም በለጠ፤ በሁለተኛው ክረምት ምርቱም ከሁሉ አነሰ።

ፀዳለ ልኬቱን አንብባ ስትጨርስ፣ «ያ ቦይ ባይኖር የአለኸኝ ዩሪያ ውሃ ውስጥ በቀረ፣ የይታይሽም ግብጦ በበሰበሰ ነበር» አለች።

አለኸኝ «ምርት ሳልቀንስ ያስቀረሁት እኔ ነኝ» አለ።

ይታይሽ «ከሁሉ በላይ ያስቀረሁት እኔ ነኝ፤ ልጆቼም ተርበውበታል» አለች።

ስማቸው «ቦዩን ልድፈነውና እንደገና ይለካ» አለ።

አያ ደምለው ደብተሩን ይዞ ሦስቱንም አየ። መፍረድ አቃተው። እኔም አልቻልኩም፤ ሦስቱም ያሳዝኑኛል። እስቲ እናንተ ፍረዱ፦ መሬቱ የሚገባው ለአለኸኝ ነው፣ ለይታይሽ ነው ወይስ ለስማቸው? ለቀሩት ለሁለቱስ ማን ደፍሮ ይንገራቸው?