ቋጠሮ የሌለው ሻሽ

ልጆች፣ ቀረብ በሉ። ዛሬ ወፍጮው ያለበት ቦታ ገና የግራር ጫካ ሳለ፣ የአያቶቻችን አያቶችም ሳይወለዱ፣ በዚህችው በዋርካ አፋፍ ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች። ባል አልነበራትም። መሬት አልነበራትም። ያላት እንዝርትና ሁለት ፈጣን እጆች ነበሩ። ጥጥ ትፈትላለች፣ ፈትሉን ለሸማኔው ለጋሽ ቢሻው ትሰጣለች፣ በምትኩ እህል ታገኛለች።

አንድ ቀን ወንዝ ዳር አንዲት መንገደኛ ሻሿን አጥባ ቁጥቋጦ ላይ ስታሰጣ አየች። ሻሹ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፤ ግን አልተቀደደም። ፀሐይ ሲያልፍበት መሬቱ ላይ የአበባ ጥላ ይጥላል። ደብሪቱ እስኪደርቅ ድረስ ቆማ አየችው። እንዴት እንደሚሠራ ለመጠየቅ ግን አፈረች። መንገደኛዋ ሻሿን አጣጥፋ ሄደች። ደብሪቱም ሁለት የጃርት እሾህ ፈልጋ ቤቷ ገባች።

የሚያሳያት ሰው አልነበረም። ዳንቴል የሚለውን ስም እንኳ አታውቅም። በአንዱ እሾህ ላይ የክር ቀለበት ደረደረች። በሌላው እሾህ አንዱን ቀለበት በአንዱ ውስጥ እያሾለከች ሳበች።

የመጀመሪያው ሻሽ እየጠበበ፣ እየጠበበ ሄዶ ሾጠጠ። ፈታችው። ደግማ ሠራችው፤ ደግሞ ሾጠጠ። በሦስተኛው ጊዜ ገባት። በየረድፉ ጫፍ አንድ ቀለበት ይጠፋባት ነበር። ከዚያ ወዲህ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች መቁጠር ጀመረች። ቁጥሩ እንዳይጠፋባትም በየአሥሩ ቀለበት አንድ ቀይ ክር ጣል ታደርጋለች።

ጎረቤቷ ጠጅቱ በአጥር ቀዳዳ አየቻት። በዚያው ሰሞን የጠጅቱ ላም ነጠፈች።

«አፏ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለውም» አለች ጠጅቱ፣ ወንዝ ለወረደው ሁሉ። «ደግሞ ቀይ ክር! እስቲ በሞቴ፣ ቀይ ክር ለደግ ነገር ነው?»

ሁለተኛው ሻሽ ቀጥ ብሎ ወጣ። ደብሪቱ ደስ አላት። አጠበችው። ተኮማትሮ የሕፃን ቆብ አከለ። ቁጭ ብላ አሰበች። ክሩ ከመሠራቱ በፊት ውሃ መጥገብ ነበረበት። ከዚያ ወዲህ ክሩን አስቀድማ መቀቀል ጀመረች።

ጋሽ ቢሻው ፈትል ሊወስዱ መጡ። ምድጃው ላይ ድስት ተጥዷል። ወጥ መስሏቸው ከፈቱት።

«አንቺ፣ ክር ደግሞ በምን ይበላል?»

«እንዳይኮማተር ነው ጋሼ።»

ሳቁ፤ ግን አልተቀመጡም። በዚያ ሳምንት ሸማው ላይ ክር ሦስት ጊዜ ተበጠሰባቸው። ከዚያ በኋላ ፈትሏን መውሰድ ተዉ። እህሉም ቀረ። ደብሪቱ ቆሎ እየቆረጠመች ሦስተኛውን ሻሽ ጀመረች።

ሦስተኛው ሻሽ ሰፊ ነበር። መሐል ላይ ክሩ ተበጠሰ። ቋጥራ ቀጠለች። ስታጥበው ቋጠሮው ተፈታ፣ ሻሹም ላይ ጭብጥ የሚያህል ቀዳዳ አፉን ከፈተ። ያን ቀን አለቀሰች። ከዚያ እስከ ቋጠሮው ድረስ ፈታችው። ሁለቱን የክር ጫፎች አላላች፣ በምራቋ አራሰች፣ አንድ ላይ ፈተለቻቸው። መጋጠሚያው ጠፋ። ቋጠሮ አላስፈለገም። ቀሪውንም ደግማ ሠርታ ጨረሰች።

ጠጅቱ ግን አሁንም አጥሩ ሥር ነበረች። «ዛሬስ ምራቋን እንትፍ አለችበት!»

በዚያ ዓመት ዝናብ ቀረ። የዘር ጊዜ አለፈ። ሰው ሰማይ ሰማዩን አየ፤ ቀጥሎ የደብሪቱን ጎጆ አየ። ሰማዩን ቋጥራዋለች ተባለ። ዋርካው ሥር ጠሯት። የመንደሩ ዳኛ አያ ደምሌ ሻሹን በበትር ጫፍ አንስተው አሳዩ። በእጅ የሚነካው አልተገኘም።

«ይህን ሁሉ የቋጠርሽው በማን ላይ ነው?»

«እዚያ ላይ ቋጠሮ የለም አባቴ። አንድ ከተገኘ ከአገሩ እወጣለሁ። ከሌለ ግን ተዉኝ። ጋሽ ቢሻው ክር ያውቃሉ፤ እሳቸው ይፍቱት።»

ጋሽ ቢሻው አማትበው ተቀመጡ። ጫፉን ሳቡ። ክሩ እየተፈታ መጣ። በጣታቸው መሐል እያሳለፉ ጠቀለሉት። ቀይ ክሮቹ አንድ በአንድ መሬት ላይ ወደቁ። የሁለት ዓመት ሥራ በዓይኗ ፊት ሲያልቅ ደብሪቱ አላለቀሰችም። ስህተቷን ትናገር ጀመር።

«እዚህ ጋ ሁለት ቀለበት ዘልዬ ነበር። እዚህ ጋ ሲመሽ ሠርቼው ተጣሞብኝ ነበር።»

መሐሉ ሲቃረብ በራሷ ላይ ጥርጣሬ ገባት። ያን ቋጠሮ በእርግጥ አውጥቼዋለሁ? ሌላስ ረስቼ ይሆን? የጋሽ ቢሻው ጣት ቆመ።

«እዚህ ጋ ወፍሯል» አሉ።

ወደ ብርሃን አነሱት። ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። በጥፍራቸው ፈተጉት።

«የተፈተለ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ አርባ ዓመት ሸምኜ እንዲህ መቀጠል አላውቅም።»

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ሻሹ አለቀ። በጋሽ ቢሻው ጭን ላይ አንድ ድቡልቡል ክር ቀረ። ቋጠሮ አልተገኘም። ሸማኔው ተነሥተው ክሩን በሁለት እጃቸው ሰጧት።

«ልጄ፣ መቀጠሉን አስተምሪኝ።»

ዝናቡ ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ መጣ። ጠጅቱ እስክትሞት ድረስ «አላልኳችሁም? ሲፈታ ዘነበ!» እንዳለች ነው። ደብሪቱ ግን በዚያው ክር አዲስ ሻሽ ጀመረች።

ዛሬም በዋርካ አፋፍ ሰው ሰውን ሲከስ፣ ዳኛው አስቀድሞ ለከሳሹ ያልተጠቀለለ ክር ይሰጠዋል። ከሳሹ ክሩን በጣቱ እየዳሰሰ፣ አፉን ዘግቶ ይጠቀልላል። ተከሳሹ ይናገራል። ክሩ ሳያልቅ ማንም አይፈርድም። ክሩ ለምን ረዘመ ብሎ የጠየቀ እንደሆነ፣ በደብሪቱ ሻሽ ልክ ነው ይሉታል።