ቀዩ የትኛው ነው?

ቀለም ማለት ብርሃን ባለበት ብቻ የሚኖር፣ ሚዛን የማያነሳው፣ ከጨርቅ ላይ ሲያርፍ የሚታይ፣ ከጨርቁ ተለይቶ ግን ማንም በእጁ ይዞት የማያውቅ ነገር ነው። አይበላም፣ አይጠጣም፣ ብርድም አይከላከልም። ሆኖም ያለ እሱ ሰርግ የተደገሰበት አገር እስከ ዛሬ አልተሰማም።

ድሮ ነው። ዛሬ ሸምግሎ በድጋፍ የቆመው የዝግባ አፋፍ ደብር ወይራ፣ ያኔ ፍየል የሚያስቸግረው ቡቃያ ነበር። በዚያ ዘመን በዝግባ አፋፍ ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። ባል አልነበራትም። ልጅ አልነበራትም። መርፌ ነበራት።

ትርንጎ የቀሚስ ደረት፣ የካባ ጠርዝ ትጠልፍ ነበር። ከሁሉ በላይ የታወቀችው ግን ክር በመምረጥ ነው። በዝግባ አፋፍ ሙሽራ የምትለብሰው ቀሚስ በጫፉ ዙሪያ ሐረግ አለው፤ ሐረግ የሚሉትም ግንድ፣ ቅጠልና አበባ ሆኖ የሚዞረውን ጥልፍ ነው። እናቶች የልጃቸውን ሐረግ ሊጀምሩ ሲያስቡ መጀመሪያ ወደ ትርንጎ ይመጣሉ። እሷም ትነግራቸዋለች። «ግንዱን በሰንሰለት ስፌት አስኪጂው፤ ልጅቱ መንገደኛ ናት። ቅጠሉን ጥቅጥቅ አድርገሽ ሙዪው። የአበባውን እምብርት በቋጠሮ ዝጊው፤ ክፍት አበባ ወሬ ያስገባል።»

የስፌቱን ምክር ወዲያው ትሰጣለች። ቀለሙ ላይ ስትደርስ ግን ጊዜ ይቆማል። ክሮቹን በደጇ ካብ ላይ ትዘረጋለች፤ ትቀመጣለች፤ ታያቸዋለች። ፀሐይ ትዞራለች፤ እሷ ታያቸዋለች። ጎረቤት ወደ ገበያ ሲወርድ ታያቸዋለች፤ ከገበያ ሲመለስም ታያቸዋለች።

«ትርንጎ፣ ክሩ እንቁላል ይጥላል ብለሽ ነው?» ይላታል አላፊው።

«ዝም ብትል ይጥል ነበር» ትለዋለች።

ከዚያ አንዱን ታነሳለች። ያነሳችውም ልክ ይሆናል። ሌላው ቀለም ሁሉ ድሮውንም መጥፎ እንደነበረ ያኔ ይታወቃል።

በዝግባ አፋፍ ሕግ ነበር። የሙሽራን ቀሚስ የወንድ ወገን ያመጣል። ሐረጉን የሙሽራዋ እናት ትጠልፈዋለች፤ እናት ከሌለች የክርስትና እናት። ባዕድ የጠለፈላት ሙሽራ «እናት ሳይኖራት ወጣች» ትባላለች፤ ይህ ቃል ደግሞ ከሙሽራዋ ጋር ያረጃል እንጂ አይሞትም። ሌላም ሕግ ነበር። ዓይኗ የደከመ ጥልፍ ሠሪ በማርያም በዓል ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቆማ መርፌዋን ለሌላ ሴት ታስረክባለች። ከዚያን ቀን ወዲያ ክር አትነካም።

ትርንጎ አንድ የክርስትና ልጅ ነበረቻት፤ ስሟ ይመኙሻል ነው። የልጅቱ እናት ዘርፌ የትርንጎ ባልንጀራ ነበረች። ዘርፌ ታማ በተኛች ጊዜ ዓይኗን ከልጇ ላይ አንስታ ትርንጎን አየቻት።

«ሐረጓን አንቺ» አለቻት።

«እኔ» አለች ትርንጎ።

 ዘርፌ ሞተች፤ ልጅቱ ከትርንጎ ቤት አደገች።

አንድ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ፣ ሰማያዊው ትርንጎን ጥሏት ሄደ። እንደ ክፉ እንግዳ ሳይሰናበት ሄደ። ጠዋት ተነስታ ሰማዩን ብታየው ያልተፈተለ ጥጥ መስሏል። ወደ ተልባው ማሳ ወረደች፤ አበባው አመድ ነው። ጠበቀችው። ከኮረብታው ማዶ የሚመለስ መስሏት አሻግራ አየች። አልተመለሰም።

በዚያ ሰሞን የደብሩ ቄስ ካባቸውን ይዘው መጡ፤ ጠርዙ በሰማያዊ እንዲዞርላቸው ፈለጉ። ትርንጎ ክሮቿን ካቡ ላይ ዘረጋች። ሰማያዊው ከመካከላቸው ነበር፤ የት እንዳለ ግን አልታያትም። ተቀመጠች። ፀሐይ ዞረች። በመጨረሻ አንድ ነገር ትዝ አላት። በዚያ ዘመን ሰማያዊ ክር ከሩቅ አገር ጨርቅ እየተተረተረ ነው የሚወጣው፤ ጨርቁም ከጨው ጋር በግመል ጀርባ ነው የሚመጣው። አንድ አንዱን እያነሳች አሸተተች። አንደኛው ጨው ጨው፣ ግመል ግመል አላት። ካባው በሰማያዊ ዞረ። ቄሱም መረቋት።

ግን ስታሸት ያዩ ነበሩ። ሳምንት ሳይሞላ የዝግባ አፋፍ ሴቶች ሁሉ ክር ያሸቱ ጀመር።

«ይሸታል» ትላለች አንዷ።

«በጣም እንጂ» ትላለች ሌላዋ።

ምን እንደሚሸት የጠየቀ የለም።

ደግሞ ሌላ ዓመት አረንጓዴው ሄደ። ይሄኛው እንኳ ቀስ ብሎ ነው የሄደው። መጀመሪያ ከሩቁ ጫካ ወጣ፤ ከዚያ ከገብሱ፣ ከዚያ ከደጇ ጎመን። ገብሱ እሸት ሳይሆን ያረጀ መሰላት። በዚያ ሰሞን አንዲት እናት ለልጇ ሐረግ ክር ልታስመርጥ መጣች። አረንጓዴውን ከየት ታምጣው? ክሮቹን ዘረጋች። ተቀመጠች። ፀሐይ ዞረች። አረንጓዴ ክር በቅጠል ተቀቅሎ የሚነከር ያገር ጥጥ ነው፤ ሻካራ ነው። ሌላው ሐር ነው፤ ለስላሳ ነው። ክሮቹን ከጆሮዋ ሥር አስጠግታ በጥፍሯ መሐል ሳብ ሳብ አደረገቻቸው። ሌላው ዝም አለ። አረንጓዴው ሲጥ አለ።

ይህንንም ያዩ ነበሩ። ሴቶቹ ክር ማሽተታቸው ሳያንስ ማዳመጥ ጀመሩ። ቄሱ በዚያ ሲያልፉ አንዷን «ምን ይላል?» ብለው ጠየቋት። «ለሚሰማ ሰው ብዙ ይላል፣ አባቴ» አለቻቸው።

ትርንጎ አልሳቀችም። የማርያም በዓል ሲመጣ፣ ሴቶቹ ከአጥሩ ሥር ሲሰበሰቡ፣ መርፌዋን በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ በአጠገባቸው አልፋ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ትገባ ነበር። መርፌው ጎኗን ይወጋታል። «እስከ ሐረጉ» ትላለች በልቧ። «እስከ ሐረጓ ብቻ።»

በዚያ ጊዜ ይመኙሻል ወሬ አበዛች። ያየችውን ሁሉ ከነቀለሙ ትጠራለች። «እምዬ፣ ያቺ ቀይ ዶሮ ዛሬም አልጣለችም።» «እምዬ፣ ሰማያዊዋ ወፍ ተልባው ላይ ናት።» «እምዬ፣ ቢጫው ውሻ መጣልሽ።» ትርንጎ ልጅቱ ለትዳር መድረሷ ነው አለች። ልጃገረድ ባል ሲቀርባት ታወራለች።

እውነትም ባል ቀርቧት ነበር። የልጁ እናት ወይዘሮ ማንአህሎሽ ይባላሉ። ማንአህሎሽ ስማቸውን የሚያምኑ ሴት ነበሩ። ቀሚሱን ራሳቸው ይዘው መጡ፤ ከቀሚሱ ጋር አንዲት የእንጨት ሳጥን። ሳጥኗ ውስጥ የሐር ክር ነበር፤ ቀይም፣ አረንጓዴም።

«ትርንጎ፣» አሉ፣ «ሲያሸቱ መዋል እዚህ ላይ ይቅር። ይሄ ሁሉ አንድ ሐር ነው፤ ልስላሴውም አንድ፣ ሽታውም የሳጥኑ ነው። አበባው ቀይ፣ ቅጠሉ አረንጓዴ ይሁን። በኛ ቤት እንዲያ ነው።»

«በዛፉም ቤት እንዲያ ነው፣ እመቤቴ» አለች ትርንጎ።

ማንአህሎሽ ሄዱ። በማግስቱ ትርንጎ ሳጥኗን ስትከፍት ቀዩም ሄዷል።

ክሮቹን አሸተተች፤ ሁሉም ሰንደል ሰንደል ይላሉ። አዳመጠቻቸው፤ ሁሉም ዝም አሉ። ይመኙሻልን እንዳትጠይቅ፣ ሙሽራ ሐረጓን ከሰርጓ ጠዋት በፊት አታይም፤ ክሩንም አትነካም። ጎረቤት እንዳትጠይቅ፣ የጠየቀች ቀን መርፌው ከእጇ ይወጣል፤ ሐረጉን ባዕድ ይጠልፈዋል፤ የዘርፌ ልጅም እናት ሳይኖራት ትወጣለች። ክሮቹን ካቡ ላይ ዘረጋች። ተቀመጠች። ፀሐይ ዞረች።

ፀሐዩ ላይ እንዳለች ሸለብ አደረጋት። በሕልሟ ቀለሞቹ ከኮረብታው ማዶ ሲመጡ አየች። ሰማያዊው ከፊት ነበር፤ ጨው ተሸክሟል። አረንጓዴው በሄደ ቁጥር ጫማው ሲጥ ሲጥ ይላል። ቀዩ ከኋላ ብቻውን ይመጣል፤ አይቸኩልም። ደጇ ሲደርስ እጁን ዘረጋላትና «በሙቀቴ እንኳ አታውቂኝም?» አላት።

ብንን ብላ ክሮቹን ዳሰሰች። አንዱ ሞቋል። አንዱ ቀዝቅዟል። ቀይ እሳት ነው፤ እሳት ይሞቃል። ትርንጎ ደስ አላት፤ ሕልሟንም መረቀች።

ነገር ግን ፀሐይ ቀዩን ከሌላው ለይታ አታሞቅም። ፀሐይ የምታሞቀው የጠቆረውን ነው፤ ማንአህሎሽ ያመጡት አረንጓዴ ደግሞ እንደ ጥድ ጫካ የጠቆረ ነበር። ሕልሙ ይህን አልነገራትም።

ትርንጎ ጠለፈች። ግንዱን በሰንሰለት አስኬደችው። ቅጠሉን ጥቅጥቅ አድርጋ በቀዝቃዛው ክር ሞላችው። አበባውን በሞቀው ክር አፈካችው። እምብርቱን በቋጠሮ ዘጋችው። በሕይወቷ እንደዚያ ሰሞን ተደስታ አታውቅም ይባላል። እየጠለፈች ቀለሞቹን በልቧ ታያቸው ነበር፤ ቀዩ ቀይ ነው፣ አረንጓዴው አረንጓዴ ነው፣ ዘርፌም አጠገቧ ተቀምጣለች።

የሰርጉ ጠዋት ደረሰ። እንደ አገሩ ልማድ የሙሽራው እናት ሐረጉን ለማየት ቀድመው መጡ። ሴቶቹ ከበቡ። ቀሚሱ ተዘረጋ።

«ትርንጎ፣» አሉ ማንአህሎሽ፣ «ይሄ የየት አገር አበባ ነው?»

«የርስዎው አገር፣ እመቤቴ» አለች ትርንጎ ፈገግ ብላ። «አበባው ቀይ፣ ቅጠሉ አረንጓዴ።»

አንዲት ልጃገረድ ሳቀች፤ ወዲያው አፏን ያዘች። ከዚያ ሴቶቹ ሁሉ ዝም አሉ። በሰርግ ቤት ሴቶች ዝም ሲሉ በዝግባ አፋፍ ያ የመጀመሪያው ነው። ትርንጎ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ቀረ። ሐረጉን ጎንበስ ብላ አየችው፤ አመድ በአመድ ላይ ነው። ቀና ብላ ዝምታውን አየችው። ያኔ ቀለሙ ገባት።

መርፌዋን ከመቀነቷ ፈትታ በመዳፏ ዘረጋች።

«ማነው የሚቀበለኝ?» አለች።

የተቀበላት የለም። ማንአህሎሽ ጣልቃ ገቡ። «ለክፉ ቀን ብዬ ሌላ ቀሚስ አሰናድቻለሁ። ሐረጉን እህቴ ጠልፋዋለች። ቅጠሉም እንደ ቅጠል ነው። እሱን ትልበስ።»

ሁሉም ወደ ይመኙሻል ዞሩ። ይመኙሻል ቀይ ቅጠል ያለበትን ቀሚስ አንስታ ለበሰችው። ጫፉን በእጇ ይዛ ከትርንጎ ፊት ቆመች።

«እምዬ፣ ቋጠሮው ቀርቷል።»

የሐረግ መጨረሻው ቋጠሮ ሙሽራዋ ከለበሰችው በኋላ፣ በእናት እጅ፣ በቀይ ክር ነው የሚቋጠረው።

«አላይም፣ ልጄ» አለች ትርንጎ።

«አውቃለሁ። ሰማያዊው የሄደ ጊዜ ነው ያወቅሁት። ዶሮሽን ሁሉ በየቀለሟ ስጠራልሽ የኖርኩት ወሬ ወድጄ መሰለሽ?»

ትርንጎ ተንበረከከች። መርፌው በአንድ እጇ ነው። ሁለቱ ክሮች ከፊቷ ናቸው፤ አንድ ልስላሴ፣ አንድ ሽታ፣ አንድ አመድ። አላሸተተችም። አላዳመጠችም። ፀሐይ ላይም አላሞቀችም። ቀና አለችና በሰርገኛው ሁሉ ፊት፣ ጮክ ብላ፣

«ቀዩ የትኛው ነው?» አለች።

ማንአህሎሽ ቆሙ። ትርንጎ ክር ስትመርጥ የምትቆየውን ያህል ቆዩ። የሙሽራዋን እግር አዩ፤ የተንበረከከችውን ሴት አዩ፤ ሌላውን ቀሚስ አዩ። ከዚያ፣ ወገባቸው ለማንም ጎንበስ ብሎ የማያውቅ እኒያ ሴት፣ ጎንበስ ብለው ክሩን አነሱላት።

«ያዢ። ይሄ ነው። ደግሞ አታሽቺው።»

ትርንጎ ቋጠረችው። ይመኙሻል እናት ኖሯት ወጣች። ልጃገረዶቹም ከኋላዋ ዘፈኑ፤

ቅጠሉ ቀልቶ አበባው ለመለመ፣
ዓይኗ ሲያርፍ እጇ ሕልም አለመ።

ዛሬም በዝግባ አፋፍ የሙሽራ ሐረግ መጨረሻው ሲቋጠር፣ የምትቋጥረው እናት ዓይኗ የንስር ቢሆን እንኳ ተንበርክካ «ቀዩ የትኛው ነው?» ትላለች። አማትየዋ ጎንበስ ብላ ካላቀበለች ሰርገኛው ንቅንቅ አይልም። ያላወቀውን ሳያፍር የጠየቀን ሰው «ቀዩን ጠየቀ» ይሉታል፤ ምስጋና ነው። ሴቶቹም እስከ ዛሬ ክር ያሸታሉ፤ ለምን እንደሆነ ቢጠየቁ «ይሸታላ!» ይላሉ።

ትርንጎ በቀጣዩ የማርያም በዓል መርፌዋን ለይመኙሻል አስረከበች። ይመኙሻልም ያንን ቀሚስ ለብሳ ለብሳ ጨረሰችው። ከዚያ የድስት መያዣ ሆነ።