የፊታውራሪ ቁርጥማት

ፊታውራሪ አብተው እግራቸውን ቁርጥማት ሰቅዞ ቢይዛቸው በአገሩ የታወቀችውን ወጌሻ አስጠሩ። ሴትዮዋ የታመመ ሰው ስታይ አንጀቷ አይችልምና ስድስት ቀን ሙሉ ስታሻቸው ሰነበተች። በሰባተኛው ቀን ግን ጣቶቿ አልታዘዝ ሲሏት፣ «ጌታዬ፣ ዛሬ ቤቴ ገብቼ ልረፍ፤ ነገ እመለሳለሁ» ብላ ተነሣች።

ፊታውራሪ ተቆጡ። «እኔ እየታመምኩ አንቺ ልታርፊ? ርኅራኄ ያላት ወጌሻ የበሽተኛዋን ሕመም ወደ ራሷ ትወስዳለች! በይ፣ ወይ ሕመሜን ይዘሽልኝ ሂጂ፣ ወይ ርኅራኄ የለኝም ብለሽ በሰው ፊት እመኚና ከእንግዲህ ማንንም እንዳትነኪ!» አሏት። ከእሳቸው ጋር ለምሳ የተቀመጡት መኳንንት ምን ትመልስ ይሆን ብለው ወደ ወጌሻዋ ዞሩ።

ወጌሻዋ እጅ ነሥታ፣ «ይዤው እሄዳለሁ፣ ጌታዬ» አለች። «ነገር ግን ይህ ሕመም በቁርጥና በጠጅ ያደገ ነው። እኔ ቤት ከሽሮ በቀር ስለማያገኝ በማግስቱ ኮብልሎ እርስዎ ዘንድ ይመለሳል። እንዲረጋልኝ ሥጋውንና ጠጁን በየቀኑ ወደ እኔ ይላኩለት፤ ለእርስዎ ሽሮው ይበቃዎታል።»

ፊታውራሪ ፊታቸው የቀረበውን ብርንዶ አዩ፤ ወጌሻዋን አዩ።

«ሕመሙስ ከእኔው ጋር ይክረም» አሉ በመጨረሻ። «አንቺ ግን ሂጂና እረፊ።»